አሮጌ ሃይሉክስ፦ የግራው የፊት መብራት ደብዝዟል፣ የቀኙ ቢጫ ነው፣ ሰማያዊዋ ምልክትም ጭል ጭል ትላለች

ደብል_ጋቢና፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ቶዮታ ሃይሉክስ ኤልኤን 106 ደብል ጋቢና ነው፤ የ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ 12 ቮልት። ያለው አዳማ ነው፤ ከመቂ ሽንኩርት እየጫነ ብዙውን ጊዜ ማታ ይመለሳል። የቦሎ ምርመራ እየደረሰ ነው። ከቦሎው በላይ ግን ከመቂ እስከ ሞጆ መንገዱ ዳር ጋሪውም እግረኛውም ያለ ምንም አንጸባራቂ ስለሚሄድ በዚህ መብራት መንዳት ያስፈራኛል።

ችግሩ እንዲህ ነው። አጭር መብራት ሳበራ የቀኙ ይበራል፣ ብርሃኑ ግን ነጭ ሳይሆን ቢጫ ነው። የግራው እንደ ከሰል ፍም ቀልቶ ይቀራል። በመስታወቱ በኩል ጠጋ ብዬ ሳየው በአንዱ አምፖል ውስጥ ሁለቱም ፊላሜንቶች (የሚያበሩት ቀጫጭን ሽቦዎች) ቀልተዋል። አጭሩ በርቶ እያለ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው የምልክቶች ሰሌዳ) ላይ ሰማያዊዋ የረጅም መብራት ምልክት ጭል ጭል ትላለች፤ ቀን አትታይም፣ ሲጨልም ነው የምትለየው። ወደ ረጅም ስቀይር ቀኙ ይበራል፣ ሰማያዊዋም ሙሉ ትበራለች፣ ግራው ግን ያው ነው።

አምፖሎቹን ግራና ቀኝ አቀያይሬያለሁ። ችግሩ ከአምፖሉ ጋር አልተዛወረም፣ እዚያው ግራ ላይ ቀረ። አሁን ያሉት ኤች 4 (አጭሩንም ረጅሙንም በአንድ አምፖል የያዘ፣ ባለ ሦስት እግር ዓይነት)፣ 12 ቮልት፣ 60/55 ዋት ናቸው። ከዚህ በፊት ለረጅም ጊዜ 100/90 ዋት ተገጥሞለት ነበር፤ የግራው ሶኬት ፕላስቲኩ በከፊል ቀልጧል።

ሞተር አስነስቼ፣ አጭር አብርቼ በቴስተር የለካሁት ይኸው። ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት። የቀኙ አምፖል ላይ፣ በሚሠሩት ሁለት እግሮች መካከል 12.4። በግራው ሶኬት ላይ አምፖሉ እንደተሰካ ሦስቱን እግሮች ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ስለካ 9.3፣ 5.2 እና 1.1 ይለኛል። ይህን ነው መተርጎም ያቃተኝ። በሙከራ አምፖል ስሞክር ደግሞ ቀኙ ላይ አጭሩ በርቶ እያለ ሙከራ አምፖሉ የሚበራው በረጅሙ እግር ላይ ነው፤ በአጭሩ እግር ላይ አይበራም።

ሌላም አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ አንዳንዴ ሁለቱም ለአፍታ ጠፍተው ይመለሳሉ። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ይብሳል። ያየው ኤሌክትሪሺያን የፊቱ ሽቦ በሙሉ ይቀየር ብሏል። ከዚያ በፊት ምን ልፈትሽ?

ማሳ_ፈታሽ፦

ወንድሜ፣ ሽቦውን አታስቆርጥ። የግራው መልስ አንተው በለካኸው ቁጥር ውስጥ አለ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንያዝ። በብዙ መኪና ላይ አምፖሉ ማሳውን (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር) በቀጥታ ከመኪናው የብረት ሰውነት ያገኝና ማብሪያው ፖዘቲቩን ወደ አጭር ወይም ወደ ረጅም ይልካል። የዚህ ዘመን ሃይሉክስ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ፖዘቲቩ በፊውዝ አልፎ ሁለቱ ፊላሜንቶች በሚጋሩት የአምፖሉ የጋራ እግር ላይ ይመጣል፤ ከመሪው ስር ያለው የመብራት ማብሪያ ደግሞ የአጭሩን ወይም የረጅሙን እግር ከማሳ ጋር ያገናኛል። ስለዚህ አጭሩ ሲበራ የአጭሩ እግር ወደ ዜሮ ይጠጋል። የረጅሙ እግር ማሳ ስላላገኘ በራሱ ፊላሜንት በኩል የመጣውን ቮልት እንደተሸከመ ይቆያል። ሙከራ አምፖልህ በረጅሙ እግር ላይ የሚበራው ለዚህ ነው፣ ጤነኛ ነው። ይህን ሳያውቁ ማሳ ላይ በተቆነጠጠ ሙከራ አምፖል ብቻ የሚፈትሹ ባለሙያዎች ሽቦው ተዛብቷል ብለው ደህናውን መስመር ይቆርጡታል፤ ከዚያ በኋላ ነው መኪናው በእውነት የሚበላሸው።

አሁን ወደ ግራው። ግራና ቀኝ የየራሳቸው ፊውዝ አላቸው። የግራው ፊውዝ ከተቋረጠ የግራው አምፖል የጋራ እግር ኃይል አያገኝም። የአጭሩና የረጅሙ መስመር ግን የግራው ከቀኙ ጋር አንድ ላይ ነው ወደ ማብሪያው የሚገባው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በጓሮ ይዞራል፦ ከቀኙ የጋራ እግር ተነስቶ በቀኙ ረጅም ፊላሜንት ያልፋል፣ በረጅሙ መስመር ወደ ግራ ይሻገራል፣ በግራው ረጅም ፊላሜንት አድርጎ የግራው የጋራ እግር ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በግራው አጭር ፊላሜንት ወጥቶ ማሳ ያገኛል። ሦስት ፊላሜንት በአንድ መስመር ተቀጣጥለው ቮልቱን ይካፈሉታል። ቁጥሮችህን አስተውል፦ 9.3 የረጅሙ መስመር ነው፣ 5.2 የጋራው እግር፣ 1.1 የአጭሩ። ከ9.3 እስከ 5.2 ድረስ 4.1፣ ከ5.2 እስከ 1.1 ደግሞ እንደገና 4.1። ፊላሜንት በ4 ቮልት ይቀላል እንጂ አያበራም። ሰማያዊዋ ምልክት የረጅሙን መስመር ስለምትጠቀም ከዚሁ ትንሽ ይደርሳታል። የቀኙ ረጅም ፊላሜንትም አሁን ቀልቷል፣ ግን አጭሩ ስለሚያበራ አይታይህም።

እንግዲህ ብልሽቱ የግራው ፊውዝ ነው ወይም ከፊውዙ እስከ ግራው የጋራ እግር ያለው መስመር ነው። ሌላ ቦታ አትፈልግ።

ኮፈኑን ከፍተህ የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን አንብብ፤ የግራና የቀኝ የፊት መብራት ተለይቶ ተጽፏል። ፊውዙን ነቅለህ በዓይን አትፍረድበት፣ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ተቋርጦ ደህና የሚመስል አለ። መብራቱን አብርተህ፣ ፊውዙ እንደተሰካ፣ ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት የብረት ነጥቦች ተራ በተራ ለካ። በአንዱ 14 አካባቢ በሌላው 5 አካባቢ ካሳየህ ፊውዙ ተቋርጧል፤ ያ 5 በአምፖሉ በኩል ዞሮ የመጣው ነው፣ አያታልልህ። በሁለቱም 5 ከሆነ ወደ ፊውዙ የሚገባው ኃይል ራሱ የለም። በሁለቱም 14 ከሆነ ፊውዙ ደህና ነው፤ ወደ ቀለጠው ሶኬት ሂድ።

ምክንያቱ የ100 ዋቱ አምፖል ይመስለኛል። 100 ዋት በ12 ቮልት 8.3 አምፒር ይስባል፣ ሞተር ተነስቶ ቮልቱ ከፍ ሲል 9 ይሻገራል። ፊውዝ ሳያቋርጥ እንዲሸከም የሚታሰበው ከተጻፈበት አምፒር ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። 10 አምፒር ፊውዝ ላይ 9 አምፒር ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ ፊውዙንም የሚይዙትንም ብረቶች ያግላቸዋል፣ ብረቶቹ ይላላሉ፣ የላላው ይበልጥ ይግላል። ስትቀይር ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አምፒር ብቻ አድርግ። ከፍ ያለ ፊውዝ ወይም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለ የተቃጠለ ፊውዝ ከሰካህ ቀጥሎ የሚነደው ሽቦው ነው፣ ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው በባትሪው አጠገብ ነው። ፊውዙን የሚይዙት ብረቶች ከላሉ በቀጭን ፒንሳ ትንሽ አጥብቃቸው፤ ከጠቆሩ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ። አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ሾርት አለ፦ ከሶኬቱ ጀርባ ሽቦው በራዲያተር ማቀፊያው ብረት ጠርዝ የተፈተገበትን ቦታ ፈልግ።

የቀኙ ቢጫነት ሌላ ችግር ነው። ከ14.1 ላይ 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። እና ልብ በል፣ ግራው ሲስተካከል ይህ ይብሳል፤ ማብሪያው አሁን የሚሸከመው የአንድ አምፖል ጭነት ነው፣ ያኔ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ግራውን ጨርስና እንደገና ለካ፤ ሁለቱም በርተው፣ አምፖሎቹ እንደተሰኩ፣ ሞተሩ ከስራ ፈት ትንሽ ከፍ ብሎ። ሶኬት ነቅለህ ብትለካ አምፒር ስለማያልፍ ሁሌም ሙሉ ቮልት ታያለህ፣ ትርጉም የለውም። አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የቀኙ አምፖል የጋራ እግር ላይ፤ ይህ በፖዘቲቩ በኩል የጠፋው ነው። ከዚያ አንዱን በአጭሩ እግር፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፤ ይህ በማሳው በኩል የጠፋው ነው። በእያንዳንዱ በኩል ከ0.5 ካለፈ መጠገን አለበት። በማሳው በኩል የጠፋው ካለፈ ወደ ክሩስኮቱ ስር ገብተህ ሦስት ቦታ ላይ ከፋፍለው፦ በማብሪያው ሶኬት የአጭሩ ሽቦና የማሳው ሽቦ መካከል፣ ከማብሪያው ማሳ እስከ ታሰረበት የሰውነቱ ብረት፣ ከሰውነቱ ብረት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ።

ሦስት_እግር፦

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ። ሁለቱ አብረው ለአፍታ ስለሚጠፉት ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሌሊት አስፋልት ላይ ሰው የሚገድለው እሱ ነው።

አብረው ከጠፉ የሚጋሩት ነገር ነው የተቋረጠው። በፖዘቲቩ በኩል የሚጋሩት የባትሪው ሞርሴቶ (ገመዱ ባትሪው ላይ የሚታሰርበት ብረት)፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው ዋና መከላከያ ሽቦና ካለው የመብራቱ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) ነው። በኔጌቲቩ በኩል ማብሪያውና ማሳው ነው። ለመለየት ቴስተር አያስፈልግም። በጠፋበት ቅጽበት ወደ ረጅም ቀይረው። ረጅሙ ከበራ ፖዘቲቩ ደህና ነው፣ ማሳውም ደህና ነው፣ የማብሪያው የአጭር መብራት ንክኪ ነው የለቀቀው። ረጅሙም ካልበራ የኋላውንና የክሩስኮቱን መብራት እይ፤ እነሱም አብረው ከጠፉ ሞርሴቶውን ጀምር፣ እነሱ ካሉ ሪሌውን ወይም የማብሪያውን ማሳ።

አምፖል ስትገዛ ደግሞ ጽሑፉን አንብብ። ኤች 4 በ24 ቮልት 75/70 ዋትም አለ፤ ለኢሱዙ ኤንፒአርና ኤፍኤስአር የጭነት መኪናዎች የሚሸጠው እሱ ነው፣ መሰኪያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ሃይሉክስህም ውስጥ ይገባል። በ12 ቮልት ደብዝዞ ይበራል፣ ሰውም ዲናሞ ይፈታል። መስታወቱን በባዶ እጅ አትንካው፤ የጣት ቅባት ያለበት ቦታ በግለቱ ይጎዳል። ከነካኸው ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ አልኮል ጥረገው።

ደብል_ጋቢና፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የግራው ፊውዝ ላይ በአንዱ ነጥብ 14፣ በሌላው 5 አሳየ፤ በዓይን ሲታይ ግን ደህና ይመስል ነበር። በ10 አምፒር ተቀየረ፣ ግራው በራ፣ ሰማያዊዋም አጭር ላይ ጠፋች።

የቀኙ እንደተባለው ወረደ። ሁለቱም በርተው አምፖሉ ላይ 11.4 ቮልት ነው፣ ባትሪው 14.1። በፖዘቲቩ በኩል የጠፋው 0.8፣ በማሳው በኩል 1.9። የማሳውን ስከፋፍለው በማብሪያው ውስጥ 1.4፣ ከማብሪያው ማሳ እስከ ሰውነቱ 0.3፣ ከሰውነቱ እስከ ባትሪው 0.2።

ሲጠፋ ወደ ረጅም ቀየርኩት፣ ረጅሙ በራ። ከመሪው ስር ያለውን ፕላስቲክ ፈትቼ ሳይ ከማብሪያው ሶኬት የአንዱ ሽቦ ልባስ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፣ ስነካው ተሰነጠቀ። ማብሪያውን ልቀይር ወይስ ሪሌ ላስገባ?

ማሳ_ፈታሽ፦

1.4 ቮልት በ8.5 አምፒር ገደማ ሲባዛ 12 ዋት ነው። ያ ሁሉ ሙቀት በጣት ጥፍር በምታህል ንክኪ ላይ ነው የሚወጣው፤ ሽቦው ቡናማ የሆነው፣ ግማሽ ሰዓት ሲነዳም የሚጠፋው በዚህ ነው። ብርሃኑም እንዲሁ ከቮልቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይወርዳል። ኤች 4 በ13.2 ቮልት አጭሩ 1000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያህል ይሰጣል፤ በ11.4 ወደ 600 ገደማ ይወርዳል። አምፖሉ ጤነኛ ሆኖ አርባ በመቶው ብርሃን መንገድ ላይ ቀርቶብሃል።

ሪሌ አስገባ። ማብሪያውን በአዲስ ብትቀይረው የተወሰነ ጊዜ ይሠራል፣ ነገር ግን 9 አምፒር እየተሸከመ ስለሚቀጥል ወደዚሁ ይመለሳል፤ ገበያ ላይ ያለው ርካሹ ማብሪያ ደግሞ ንክኪው ከፋብሪካው ይልቅ ቀጭን ነው። ሪሌ ሲገባ ማብሪያው የሚሸከመው የሪሌውን ጥቅል (ሪሌውን የሚስበውን የሽቦ ጥምጥም) ብቻ ነው፣ ከ0.2 አምፒር የማይበልጥ። አሮጌው ማብሪያህ ለዚህ ይበቃል። የተሰነጠቀውን ሽቦ ግን እንዲያው አትተወው፤ እስከ ደህናው ድረስ ቆርጠህ በአዲስ ቀጥለውና ሶኬቱ ውስጥ ያለውን ብረቱን ቀይር።

የሚያስፈልግህ፦ ባለ 4 ወይም ባለ 5 እግር 12 ቮልት 30 አምፒር ሪሌ ሁለት፣ የፊውዝ መያዣ ሁለት ከ15 አምፒር ፊውዝ ጋር፣ የሴራሚክ ኤች 4 ሶኬት ሁለት፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 1 ሜትር ያህል፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 8 ሜትር ገደማ፣ ለመቆጣጠሪያው 1 ሚሊ ሜትር ካሬ 3 ሜትር፣ ካፖኮርዳ (የሽቦ ጫፍ ላይ የሚጨመቅ ማያያዣ ብረት)፣ መሸፈኛ ቱቦ። ሽቦው መዳብ መሆኑን ጫፉን ፍቀህ እይ። በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በስፋት ይሸጣል፤ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ነው፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። እሱን አትግዛ።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። ቁጥሮቹ ሪሌው ላይ የተጻፉት የእግሮቹ ስሞች ናቸው፦ 85 እና 86 የጥቅሉ ሁለት ጫፎች፣ 30 ኃይል የሚገባበት፣ 87 ወደ አምፖሉ የሚወጣበት። የሪሌው 86 እና 85 ከአሮጌው የቀኝ ሶኬት ነው ትእዛዝ የሚያገኙት፤ የግራው አሮጌ ሶኬት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በዚህ መኪና 85ን ከሰውነቱ ጋር ማሰር አይሆንም፤ የሌላ መኪና ሥዕል ይዘው እንደዚያ የሚያስሩ አሉ፣ ከዚያ አጭሩና ረጅሙ ይዘባረቃሉ። እዚህ ፖዘቲቩ የጋራ ነው። ስለዚህ የሁለቱም ሪሌ 86 ከአሮጌው ሶኬት የጋራ እግር ጋር፣ የአጭሩ ሪሌ 85 ከአጭሩ እግር ጋር፣ የረጅሙ ሪሌ 85 ከረጅሙ እግር ጋር። ማብሪያው 85ን ማሳ ሲሰጠው ሪሌው ይስባል። ጥቅሉ ውስጥ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ያለበት ሪሌ ከሆነ 86 ላይ ፖዘቲቭ መሆኑ ግዴታ ነው።

የጋራውን እግር ለማወቅ ሁለቱንም አምፖሎች ከሶኬታቸው ንቀል። መብራቱን አብራ፣ የቀኙን ሶኬት ሦስት ብረቶች ከማሳ ጋር ለካ። ከአጭር ወደ ረጅም ብትቀያይርም ቮልቱን የማይለቀው የጋራው ነው። አንዱ አምፖል እንደተሰካ ብትለካ በእሱ በኩል ዞሮ የመጣ ቮልት ሌላ እግር ላይም ታገኛለህ። የአጭሩ እግር አምፖሉ በቦታው ሲቀመጥ ከላይ አግድም ያለው ነው፤ የቀረው የረጅሙ ነው።

የኃይሉ በኩል፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ተነስ፣ ፊውዞቹን ከባትሪው ከ20 ሳንቲ ሜትር ሳይርቁ አስቀምጥ፣ ከእያንዳንዱ ፊውዝ ወደ አንድ ሪሌ 30። ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ምንም መከላከያ የለውም፣ አጭር ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። ለአጭርና ለረጅም ለየብቻ ፊውዝ የሚደረገው አንዱ ሌሊት ቢቃጠል በሌላው ወደ ቤት እንድትደርስ ነው፤ በአንድ ፊውዝ ጠቅልለው የሚሠሩትን አትቀበል። ከአጭሩ ሪሌ 87 ወደ ሁለቱ አዳዲስ ሶኬቶች የአጭር እግር፣ ከረጅሙ 87 ወደ ረጅም እግር፣ በ2.5። በአዲሱ አሠራር የአምፖሉ የጋራ እግር ማሳ ይሆናል፤ ከእያንዳንዱ ሶኬት በ2.5 ወደ ሰውነቱ እሰር። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቀው፣ ቡሎኑን አጥብቅ፣ ከላይ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ቀባው። የአዳማ አቧራና የክረምቱ ጭቃ ሲደባለቁ ያልተቀባ ማሳ ዓመት አይቆይም።

ካፖኮርዳውን በመጭመቂያ ፒንሳ ጨምቀው፣ ጎትተህ ፈትነው። ጠማዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ለዚህ አምፒር አይሆንም። ሽቦው ብረት ጠርዝ በሚያልፍበት ሁሉ ቱቦ ይኑረው።

ስትጨርስ እንደገና ለካ። ባትሪው 14.1 ሲል አምፖሉ ላይ ከ13.6 በታች ከሆነ የሆነ ካፖኮርዳ ልል ነው። ሰማያዊዋ በረጅም ላይ ብቻ መብራቷን እይ። አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ፦ ከሪሌው በኋላ አምፖሉ ሙሉ ቮልት ስለሚያገኝ የዲናሞው ቮልት ከ14.5 እንዳያልፍ እርግጠኛ ሁን። ቮልቱ 5 በመቶ ሲጨምር የአምፖሉ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። እስካሁን የደከመው ማብሪያ ይሸፍነው የነበረ የተበላሸ የዲናሞ ቮልት ተቆጣጣሪ ካለ አሁን አምፖል በመጨረስ ይገለጣል።

የሌሊት_መንገድ፦

ብርሃኑ ወደ ሙሉው ሲመለስ አቅጣጫው ካልተስተካከለ ከፊትህ የሚመጣውን ሾፌር ታሳውራለህ። የመቂ መንገድ ላይ ያለው ግማሹ ችግር ይሄ ነው፤ ሽንኩርት የጫነ ፒክአፕ የኋላ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) ተቀምጦ አፍንጫው ሰማይ ያያል። አንድ ዲግሪ ብቻ ቀና ቢል 50 ሜትር ላይ ብርሃኑ በ87 ሳንቲ ሜትር ይነሳል፤ ያ ከመንገዱ ተነስቶ ወደ ሾፌር ዓይን ማለት ነው። ስለዚህ የምታስተካክለው ማታ በምትጭነው ያህል ተጭኖ፣ የአራቱም ጎማ አየር ትክክል ሆኖ፣ ሾፌር ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ ነው።

ሜዳ ቦታ ላይ ግድግዳ ፊት 5 ሜትር ራቅ። የሁለቱን መብራት መሀል ቁመት በግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምር፣ ከእሱ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገህ ሌላ መስመር። አጭሩን አብራ፣ አንዱን በጨርቅ ሸፍነህ አንድ በአንድ ሥራ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ በታችኛው መስመር ላይ ይረፍ። ማስተካከያዎቹ ከመብራቱ ጎን ያሉ ሁለት ብሎኖች ናቸው፣ አንዱ ለከፍታ አንዱ ለጎን፤ ዝገው ከሆነ ቀድመህ ዘይት አንጠብጥብና ቆይ፣ በካቻቢቴ ስታስገድዳቸው የፕላስቲክ መያዣው ይሰበራል።

በዚያው የጠርዙን ቅርጽ እይ። በቀኝ በኩል ወደ ላይ ቀና ማለት አለበት፣ የመንገዱን ዳር ለማሳየት። ወደ ግራ ቀና የሚል ከሆነ መብራቱ በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው፤ ከጃፓን ከመጣ መኪና የተፈታ አሮጌ ዕቃ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ብሎን ዞሮ አይስተካከልም፣ መብራቱ ራሱ ይቀየራል። ውስጡ ያለው አንጸባራቂ ብሩ የረገፈም እንዲሁ፤ በጨርቅ አትጥረገው፣ የቀረውም ይነሳል።

ደብል_ጋቢና፦

ግልጽ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሪሌ ከማስገባት ኤልኢዲ ብገጥምስ? ዋቱ አነስተኛ ስለሆነ ማብሪያውን አያግለውም የሚሉ አሉ። ሪሌ ከሆነስ የት ይቀመጥ?

ሦስት_እግር፦

ማብሪያውን አለማጋሉ እውነት ነው። ግን የዚህ መብራት አንጸባራቂ የተሠራው ለኤች 4 ፊላሜንት ቦታ ነው። የኤልኢዲው ብርሃን ምንጭ ቅርጹም መጠኑም ይለያል፤ ግድግዳ ላይ ስታየው ጠርዙ ይሟሟል፣ ብርሃኑ ከመስመሩ በላይ ይበተናል። ለአንተ ነጭ ይመስልሃል፣ ከፊትህ ላለው መርፌ ነው። በዚያ ላይ ብዙው የኤች 4 ኤልኢዲ የጋራ እግሩ ማሳ ነው ብሎ ነው የተሠራው። በዚህ መኪና የጋራው ፖዘቲቭ ስለሆነ ወይ አይበራም፣ ወይ አጭርና ረጅሙ ይደባለቃል። አሁን ያለው 60/55 ሃሎጅን አምፖል በሙሉ ቮልት ለዚህ መብራት ይበቃዋል።

ሪሌዎቹን በባትሪው በኩል ባለው የፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛ) ውስጠኛ ብረት ላይ እሰር፣ ከባትሪው አሲድ ራቅ አድርገህ፣ እግራቸው ወደ ታች ሆኖ ውሃ እንዳይጠራቀምባቸው። ከራዲያተሩ ፊት አታድርጋቸው፤ ጭቃና ውሃ በቀጥታ የሚመታው እዚያ ነው። ሽቦው ወደ ሪሌው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞር ብሎ ይነሳ፣ ውሃው እዚያ እንዲንጠባጠብ። መጀመሪያ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል ከነዳህ በኋላ ቁምና ኮፈኑን ክፈት፤ መብራቱን አጥፍተህ እያንዳንዱን ካፖኮርዳ፣ ፊውዝ መያዣና የሪሌ እግር በእጅህ ንካ። ለብ ያለ ምንም አይደለም፤ እጅ የሚያስለቅቅ ካገኘህ እሱን ፈትተህ እንደ አዲስ ጨምቀው።